ቤት ተነስቶ በሚሄድበት አገር ዋሻ ፍለጋ

ሲነጋ፣ ሴቻ

አስቀድሜ ልናገር፦ ከአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ ከሴቻ፣ የወጣነው ዋሻ ልናይ ነው። ማስታወሻዬ መሃል ስትደርሱ ስለ ጎመን፣ ስለ ምስጥና ስለ አንድ የመለኪያ ሜትር ሳወራ ብታገኙኝ ጋዜጣው ገጽ ያሳሳተ እንዳይመስላችሁ። መንገድ የሳትነው እኛ ነን።

ጎህ ሲቀድ ሆቴሉ በር ላይ ቆሜያለሁ። ከዚህ ከፍታ ቁልቁል ሲያዩት ደኑ ገና ጨለማ ነው። ከደኑ ወዲያ ሁለቱ ሐይቆች፣ አባያ በስተግራ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ በስተቀኝ ጠቆር ብሎ ተኝተዋል። ዝንጀሮዎቹ ከእኛ ቀድመው ተነስተው የሆቴሉን ቆሻሻ መጣያ ይበረብራሉ። አንደኛው የትናንት ማታ ፓስታዬን አግኝቶ አሸተተና መልሶ ጣለው። ስለ ሆቴሉ ወጥ ቤት ልጽፍ ያሰብኩትን እሱ ጨረሰልኝ።

አስጎብኚያችን ማቴዎስ ይባላል። ከዶርዜ መንደሮች በአንዱ ያደገ፣ ከኮሌጅ ከወጣ ወዲህ ሥራ ሲፈልግ ጫማው ያለቀ ቀጭን ወጣት ነው። ደርግ ወድቆ አገሩ ጋብ ካለ ወዲህ ፈረንጅ ወደ አርባ ምንጭ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል፤ ማቴዎስም አስጎብኚ መሆን ያምረዋል። በመንደሩ በጣልያን ጊዜ የተቆፈረ፣ ሕዝቡ ከጦር የተሸሸገበት ዋሻ እንዳለ፣ በልጅነቱም ሲጫወትበት እንዳደገ ለሚሰማው ሁሉ ሲያወራ ከርሟል። ወሬው እኔም ጆሮ ደረሰ፤ ከአዲስ አበባ ድረስ አመጣኝ።

ሁለተኛው ተሳፋሪ አቶ ገሰሰ ናቸው። ከሰሜን መጥተው ቅርስ የሚመዘግብ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ፣ አርባ ምንጭ ብዙ ዓመት ኖረው ሙቀቱን ዛሬም ያልለመዱ፣ ክብ ፊት ያላቸው ሰው ናቸው። ቀበቷቸው ላይ ባለቤቱን ሲያይ ጭራውን የሚቆላ የሚመስል ቢጫ ሜትር ተንጠልጥሏል። ያልተለካ ነገር ለእሳቸው የለም። መኪናው ውስጥ ሳይገቡ ማቴዎስን አቆሙትና ሁላችንም እየሰማን እንዲህ አሉት፦

«ዋሻውን ዛሬ በዓይኔ ካየሁ፣ በሜትሬም ከለካሁ፣ ይታጠራል፤ አንተም ሰኞ በአስጎብኚነት ሥራ ትጀምራለህ። ካላየሁ ግን ቢሮዬ ደጃፍ ዳግመኛ እንዳላይህ። ሰለቸኸኝ!»

«ያዩታል ጌታዬ» አለ ማቴዎስ። ሸሚዙ ታጥቦ በእርጥቡ የተተኮሰ ነው፤ ኮሌታው ገና አልደረቀም።

ረፋድ፣ አቀበቱ ላይ

ሾፌራችን አንጁሎ የወላይታ ሰው ነው፤ ላንድሮቨሩን እንደ ሚስት ያያታል፣ እንደ ሚስትም ያማታል። ከታችኛው ሰፈር፣ ከሲቀላ፣ ወጥተን የአባያን ዳር ይዘን ወደ ሰሜን ስንነዳ መንገዱ ሜዳ ነው። ግራና ቀኝ ሙዝ፣ ማንጎ፣ እንደገና ሙዝ። ሴቶች የሙዝ ዘለላ ደርድረው ተቀምጠዋል። አንጁሎ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በመስኮት ዋጋ ይከራከራል፤ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል።

ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈን አቀበቱን ጀመርን። መኪናዋ ማቃሰት ያዘች።

«ተራራ አይወድም እሷ» አለ አንጁሎ። «ሜዳ ላይ አንበሳ ነች። ተራራ ሲያይ ልቧ ይደክማል።»

ሁለት ጊዜ ቆመን ራዲያተሩን ውሃ አጠጣነው። እየወጣን ስንሄድ አየሩ ተለወጠ። ከታች ላብ ሲጠርጉ የነበሩት አቶ ገሰሰ ከላይ ኮት ለበሱ። ሙዙ አልቆ እንሰት ተተካ፤ ከእንሰቱ በላይ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃው በላይ ጉም።

«የመንደሩ ሰው እውነቱን ይነግረናል ወይ?» ሲሉ ጠየቁ አቶ ገሰሰ። «ብዙ ቦታ ሄጄ ብዙ ተረት መዝግቤያለሁ።»

«በእኛ ዘንድ መዋሸት ጎሜ ነው» አለ ማቴዎስ። «ሰው ከዋሸ ከብቱ ይታመማል፣ እህሉ እምቢ ይላል፣ ልጁ ላይ ይወርዳል ይባላል። ሽማግሌ ፊት ወጥቶ እስኪናዘዝ ድረስ አይለቀውም።»

«አንተ የተማርክ ሰው ይህን ታምናለህ?»

ማቴዎስ በመስኮት እያየ አሰበ። «ማመኔን እንጃ» አለ፤ «ግን አልዋሽም።»

«ጥሩ ነው» አሉ አቶ ገሰሰ፣ ሜትራቸውን ዳበስ አድርገው። «የማይዋሽ ሕዝብ ለምዝገባ ይመቻል።»

ሦስተኛ ጊዜ ውሃ ስናጠጣ ማቴዎስ ለእኔ ብቻ ስለ አክስቱ አጫወተኝ። እማማ ባሎቴ የእናቱ እህት ናቸው። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ስትሞት ወስደው ያሳደጉት፣ ጥጥ ፈትለው ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። የዋሻው አፍ ከእሳቸው ቤት በስተጀርባ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት እንሰት ውስጥ ነው። በቅርቡ ሄዶ የምሥራቹን ነግሯቸው ነበር።

«‹አጥር ይታጠራል፣ በር ይሠራል፣ ዘበኛ ይቀመጣል፤ ቤትሽንም ትንሽ ፈቀቅ ያደርጉልሻል› አልኳት።»

«ደስ አላት?»

«እንሰቷን ስታይ ቆየችና ‹ማነው ፈቀቅ የሚያደርገው?› አለችኝ። ‹መንግሥት› አልኳት። ‹መንግሥት ለምን ይደክማል› አለች።»

ማቴዎስ ይህን ሲነግረኝ አክስቱ ለመንግሥት ያላቸው ርኅራኄ አስገርሞት ነበር። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ፤ ሰው ግን በራዲያተር ፊት ቆሞ ብዙ አያስብም።

ቀትር ሲቃረብ፣ መንደሩ

የመንደሩን ስም አልጽፍም። ዶርዜ ምድር ውስጥ ነው፤ ይህ እውነት ነው።

የዶርዜን ቤት ላላየ ሰው ልንገር። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተጎንጉኖ የሚሠራ፣ በእንሰት ኮባ የሚለብስ ረጅም ቤት ነው። ፊት ለፊቱ እንደ ዝሆን ግንባር ገፋ ብሎ የወጣ መግቢያ አለው፤ እንግዳ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ምስጥ ከሥሩ እየበላው ቤቱ በየዓመቱ ያጥራል። በጣም ሲበላ ጎረቤት ይጠራል፤ በውስጡ አጣና ይሻገራል፤ «አንድ፣ ሁለት» ተብሎ ቤቱ ከነጣሪያው ይነሳና በሰው ትከሻ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እኛ አዲስ አበባ ቤት ተከራይተን በየጊዜው ዕቃ ስንሸከም እነሱ ቤቱን ራሱን ይሸከማሉ። አከራይ የሚባል ነገር ቢያውቁ ኖሮ ምን ያደርጉት እንደነበር ማሰብ ደስ ይላል።

ማቴዎስ ከፊት ከፊታችን ሊሮጥ ምንም አልቀረው። «ይኸው ደረስን፤ የአክስቴ ቤት ከዚህ ቀርከሃ ወዲያ...» አለና ቆመ።

ከቀርከሃው ወዲያ ጎመን አለ። ክብ ሆኖ የተተከለ፣ ገና ለጋ ጎመን። ቤት የለም።

አቶ ገሰሰ ጎመኑን አዩት፣ ማቴዎስን አዩት፣ ከዚያም ሜትራቸውን መዘው የጎመኑን መደብ ከዳር እስከ ዳር ለኩት። ለምን እንደለኩት እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

አጠገባችን ዳስ ሥር አንድ ሽማግሌ ጋቢ ይሸምናሉ፤ አቶ ወዳጆ ይባላሉ። አቶ ገሰሰ ምርመራቸውን ከእሳቸው ጀመሩ።

«አባቴ፣ እዚህ የነበረው ቤት የት ሄደ?»

«ምስጥ በላት። ተነሳች።»

«ወዴት ሄደች?»

«በሰው ትከሻ ነው የሄደች። እኔም ተሸክሜያለሁ፤ ይኸው ወገቤን አሞኛል።»

«እኮ ወዴት ተሸከማችኋት?»

ሽማግሌው መወርወሪያውን አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ ላኩት። «መጀመሪያ ወደ ላይ ነበር የሄድነው። አቀበት ሆነብን። ተመለስን።»

«ዋሻውስ? በጣልያን ጊዜ የተቆፈረው?»

«በጣልያን ጊዜ እኔ ጡት እጠባ ነበር» አሉ አቶ ወዳጆ፣ በጣም አዝነው።

የከብት ሣር ተሸክማ የምታልፍ ሴት አስቆሙ። «እህቴ፣ ዋሻ አይተሻል?» «ዛሬ? ዛሬ አላየሁም» አለችና አለፈች። እንሰት የሚፍቁ ሴቶች ዘንድ ሄዱ። «ከዚህ ጓሮ ምን አለ?» «እንሰት አለ።» «ከእንሰቱ ሥርስ?» «አፈር ነው።» ሴቶቹ ሲመልሱ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

«ሕዝቡ አይዋሽም ብለኸኝ አልነበር?» አሉ አቶ ገሰሰ ላብ በላብ ሆነው።

«እስካሁን ማንም አልዋሸም ጌታዬ» አለ ማቴዎስ።

ይህን ሲል ዓይኑ ከእንሰቱ መሃል ብቅ ያለች አንዲት የጣሪያ ጫፍ ላይ አረፈ። ከዚያ ወደ ጎመኑ ዞረ። ከጎመኑ እንደገና ወደ ጣሪያው። በልቡ ርቀቱን ሲለካ አየሁት፤ ለካና ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። መንግሥት እንዳይደክም ሲሉ እማማ ባሎቴ ቤታቸውን ራሳቸው ፈቀቅ አድርገውታል። ያደረጉት ደግሞ ዋሻው አፍ ላይ ነው።

«ማቴዎስ» አልኩት በሹክሹክታ፣ «እዚያ...»

«እትዬ፣ በእግዜር ይሁንብዎ አይጠይቁኝ» አለ። ከተጠየቀ መመለስ ግድ ነው፤ ከመለሰ ወይ አክስቱ ቤትና ጓሯቸውን ያጣሉ፣ ወይ እሱ ጎሜ ይገባል። ሥራው ደግሞ ሰኞ ነው።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እርምጃው ተንቀራፈፈ። ወደ ተቃራኒው ኮረብታ እየጠቆመ «እዚያም መፈለግ ይቻላል» አለ። ይቻላል፤ ምኑ ውሸት ነው? ስለዚህ ፈለግን። ቀርከሃው ውስጥ ፈለግን፣ ገደሉ ሥር ፈለግን። አቶ ገሰሰ አንድ የጃርት ጉድጓድ አግኝተው በሆዳቸው ተኝተው ለኩት። «ለወታደር ይጠባል» ሲሉ በሐዘን ተናገሩ። አንጁሎ ከኋላዬ ሆኖ ሳቁን በባርኔጣው አፈነ።

ከቀትር በኋላ፣ የእማማ ባሎቴ ቤት

ዝናቡ የመጣው እንደ አበዳሪ ሳይታሰብ ነው። ሸሽተን ወደ መንደሩ ስንሮጥ አንዲት ቀጭን አሮጊት ከእንሰቱ መሃል ካለው ቤት ደጅ ቆመው በእንዝርታቸው ጠሩን። እማማ ባሎቴ ናቸው። ማቴዎስን ሳሙት፤ ከዚያም ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። እሱ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

አማርኛቸውን የተማሩት ከሸማኔ ባላቸው ጋር ሽሮ ሜዳ በኖሩበት ዘመን ነው። አንቱታ የሚባለው ነገር ግን መርካቶም ሽሮ ሜዳም አላገኛቸውም።

«አንተ ትልቅ ሰው ነህ» አሏቸው አቶ ገሰሰን፤ «እዚህ ጋ ተቀመጥ።» መግቢያው ላይ ካለው የክብር ቦታ፣ የላም ቆዳ ከተነጠፈበት ዝቅ ያለ የቀርከሃ መደብ ላይ አስቀመጧቸው። ለእኔ በርጩማ ደረሰኝ።

ትኩስ ቆጮ ከጎመንና ከዳጣ ጋር ቀረበ። ዳጣ ማለት የጋሞ ሰው እንግዳውን የሚፈትንበት የበርበሬ ድልህ ነው። አቶ ገሰሰ በድፍረት ጠቀሱ፤ እንባቸው መጣ፤ ደግመው ጠቀሱ። በላዩ ላይ አረቄ ወረደ። ሆዳቸው ሲሞላ ፊታቸው ፈካ፤ መደቡን መታ መታ አደረጉት።

«ቤታችሁ አየሩ ደስ ይላል» አሉ። «ከበታቼ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይመጣል።»

ማቴዎስ ቆጮው ትን አለው። አንጁሎ ጀርባውን መታለት።

አቶ ገሰሰ ሲጠግቡ ሥራ ትዝ የሚላቸው ዓይነት ሰው ናቸው። ሜትሩን ከቀበቷቸው ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ድምፃቸውን አወፈሩ።

«ማቴዎስ። አክስትህ ፊት ነው የምጠይቅህ። አይዋሽም ያልከኝ አንተ ነህ። ዋሻው አለ ወይስ የለም? አለ ካልክ አሁን አሳየኝ፤ ሰኞ ሥራህን ያዝ። የለም ካልክ ያገኘህበትን ተረት ይዘህ ሂድ።»

ዝናቡ ኮባው ላይ ይወርዳል። ማቴዎስ አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። እጁ ጉልበቱን ጨብጦ ይዟል። የሚዋሽ ልብ ቢኖረው ብዬ ስመኝ ራሴን ያዝኩት፤ እኔ ራሴ ላበድረው እችል ነበር። የእማማ ባሎቴ እንዝርት ቆመ።

«አለ» አሉ እማማ ባሎቴ።

«ምኑ?»

«ዋሻው። አለ። አንተ የተቀመጥክበት ነው።»

አቶ ገሰሰ አሮጊቷን አዩ። ከዚያ ወደ ታች፣ ራሳቸውን ወደ ተሸከመው ቆዳ አዩ። ከዚያ እንደገና አሮጊቷን። ጉንጫቸው ተነፋ፣ ትከሻቸው ተናጠ፣ እና ሳቅ ፈነዳ።

«የተቀመጥኩበት! ኧረ በማርያም! ቀኑን ሙሉ ተራራ ለተራራ ስንከራተት... የተቀመጥኩበት!»

«ቀልድ አይደለም» አሉ እማማ ባሎቴ ኮስተር ብለው። «ተነስና እይ።»

«ተነስና እይ አለችኝ!» እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ስንት አገር ስዞር እንዲህ ያለች ተጫዋች ሴት አላጋጠመችኝም።»

አልተነሱም። የሚነሱበት ሆድ አልነበራቸውም።

እማማ ባሎቴ ወደ ማቴዎስ ዞሩ፤ በአገጫቸውም ወደ ቆዳው አመለከቱት። አንሳው ማለታቸው ነው። ቆዳውን አንድ ጊዜ ሳብ ቢያደርገው በቃ፤ ሥራ አገኘ። እጁ ተዘረጋ። የአክስቱን ፊት አየ። ያን ጊዜ ከጉሮሮው አንድ እንግዳ ድምፅ ወጣ፤ መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ሳቅ ነው። ማቴዎስ ሳቀ። ከአቶ ገሰሰ ጋር አብሮ፣ ጎኑን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መሳቅ ጎሜ አይደለም።

«በቃ ገባኝ!» አሉ አቶ ገሰሰ። «ዋሻ የለም። የልጅነት ጨዋታ ነበር። ተመዝግቦ ተዘጋ!»

ልብ በሉ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ዋሻ የለም ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ የሰሜን ሰው ናቸው፤ ጎሜው ምን ያደርጋቸዋል?

ዋሻው

ዝናቡ ሲያባራ አቶ ገሰሰ አረቄውን ሊያስተኙት ወደ መኪናው ሄዱ፤ አንጁሎ ደግፎ ወሰዳቸው። እማማ ባሎቴ በሩን ገጠም አደረጉና ወደ እኔ መጡ።

«አንቺ ዋሻ ልታዪ ነው የመጣሽ?»

«አዎ እማማ።»

«እንግዳ ሳያይ አይመለስም። ውረጂ።»

ቆዳው ተነሳ፤ መደቡ ተነሳ፤ ከሥሩ የተደረደረው ጣውላ ተነሳ። ቀዝቃዛ የአፈር ትንፋሽ ፊቴን መታኝ። ማቴዎስ በእጅ ባትሪ ቀደመ። እኔ ተከተልኩ፤ ማለትም ግማሼ ተከተለ። በጣልያን ዘመን የነበረ ሰው ወገብና የእኔ ወገብ አንድ አይደለም። እማማ ባሎቴ ከላይ ትከሻዬን ገፉልኝ፤ ጥርስ እንደሚነቀል ሁሉ ብቅ ብዬ ውስጥ ገባሁ።

ግድግዳው ላይ የመቆፈሪያው ምት ዛሬም አለ፤ አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ ቀለል ያለ። የሰው ክንድ ሲደክምና ሲበረታ ይታያል። መተላለፊያው ትንሽ ሄዶ ይጠማዘዛል። «ጥይት ቀጥ ብሎ እንዳይገባ ነው» አለ ማቴዎስ፤ ማስጎብኘቱን ረስቶት አልቀረም። ከመጠማዘዣው ወዲያ ጎንበስ ብለን የቆምንበት ክፍል አለ። ግድግዳው ላይ መብራት የሚቀመጥባቸው፣ ጥቀርሻ የጠቆራቸው ትንንሽ ጉድጓዶች። መሬቱ ላይ ደግሞ በኮባ የተጠቀለለ፣ ድንጋይ የተጫነው የሚብላላ ቆጮ ተደርድሯል። ጦርነት ላሸትት የሄድኩት አፍንጫዬ ቆጮ ሞላው።

እማማ ባሎቴ ከኋላችን ወርደው ኖሯል። በማዕዘኑ በኩል አልፈው አንድ ቦታ ቁጢጥ አሉ፤ አፈሩንም በመዳፋቸው ዳበሱት።

«እዚህ ነው የተወለድኩት» አሉ። «ከላይ ጦር አለ፤ እናቴ መጮህ አትችልም። ነጠላዋን ነክሳ ወለደችኝ። እኔም ሳለቅስ አፌን በጡቷ ዘጋችው። እትብቴ እዚህ ነው ያለው።»

ማቴዎስ ባትሪውን ዝቅ አደረገ። «አክስቴ፣ ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ጠይቀኸኝ አታውቅም። እዚህ ገብተህ ጦርነት ትጫወት ነበር። ጥሩ ጨዋታ ነበር፤ ለምን ላበላሽብህ?»

እኔ ጋዜጠኛ ነኝና ጠየቅኳቸው፤ ቢታጠር ምን ነበረበት?

«ሲታጠር ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል?»

«መሥሪያ ቤቱ ጋ።»

«ታዲያ የተወለድኩበት ልገባ ቁልፍ ለምኜ?» አሉና ቆጯቸውን መነካካት ጀመሩ።

አንድ ፎቶ እንዳነሳ ጠየቅኳቸው፤ «አንሺ» አሉኝ። ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ ሲወጣ ጥቁር ብቻ ነው። አዘጋጃችን «ይህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ዋሻ ነው» አልኩት፤ አላመነኝም።

አመሻሽ፣ ቁልቁለቱ

ስንመለስ መኪናዋ ዘፈን በዘፈን ሆናለች፤ ቁልቁለት ደስ ይላታል። ማቴዎስ ከኋላ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፏል። አቶ ገሰሰ ግማሽ መንገድ ላይ ነቁ፤ አንገታቸውን አሹ፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ እህቴ፣ እዚያ ቤት ቀርተሽ ምን ስታዪ ቆየሽ?»

አንጁሎ በመስታወቱ አየኝ። እኔ እንግዲህ ለኑሮዬ ስል ብዙ ነገር የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ውሸት ከምላሴ ላይ ዘሎ ሊወርድ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ግን ያን ቀን አላሻኝም። ከጎረቤቶቹ አንሼ ልገኝ?

«እማማ ባሎቴ የተወለዱበትን ቦታ አሳዩኝ» አልኳቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ አቶ ገሰሰ። «ሴት ለሴት ስትገናኙ ወሬያችሁ ከማጀት አያልፍም።» መልሰው ተኙ።

ሴቻ በራቸው ላይ ሲወርዱ ማቴዎስ የኮታቸውን አቧራ አራገፈላቸው። እሳቸውም ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

«ሰኞ አትምጣ» አሉት።

«እሺ ጌታዬ።»

ማታ፣ ሲቀላ

በሚኒባስ ወደ ሲቀላ ወርደን አንድ ዓሣ ቤት ገባን። ከአባያ የመጣ ዓሣ ተጠብሶ፣ ጎኑ ተተልትሎ፣ ሎሚና ዳጣ ይዞ ቀረበ። ጠረጴዛው ዙሪያ የውሃ ቴክኖሎጂ ተማሪዎች ከየአገሩ ተሰብስበው ይንጫጫሉ፤ ጎንደሬው ሐረሬውን የዓሣ አጥንት ማውጣት ያስተምረዋል፣ ሁለቱም አያውቁትም። እኔ ቀድሜ ጀመርኩ። ማቴዎስ ሹካውን ይዞ ተቀመጠ።

«ብላ እንጂ። ሥራው ሌላ ይገኛል። አንድ ገሰሰ ቢቀር...»

«ሥራውን አይደለም እትዬ።»

«ታዲያ ምኑን?»

ጎረምሳ ሰው ፊት ማልቀስ ያፍራልና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቤቷን ከነጣሪያው ያሸከመችው እንዳያገኙት ብላ ነው። አገር ሁሉ ደበቀላት። እኔ ዝም ስል ግን...» አለና ቆመ። «ነገረቻቸው እኮ እትዬ። እኔ ሥራ እንዳገኝ ብላ፣ የተቀመጥክበት ነው ብላ ነገረቻቸው። ቢያምኗት ኖሮስ?»

ያን ሁሉ ቀን የሳቅኩበት ነገር ደረቴ ላይ ከበደኝ፤ እጁን ያዝኩት። አልቅሶ እስኪወጣለት ዓሣው ቀዘቀዘ። አስተናጋጇን ጠርቼ ሌላ ትኩስ አዘዝኩለት፤ ያንን በላ።